የሟቾችን የመጨረሻ ደቂቃ የምታይ ልጅ ገዳዩን ለምን ወዲያው አታውቀውም?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አራቱም ደብዳቤዎች የሚያነሡት አንድ ዓይነት ልብ ወለድን ነው፤ ይኸውም ባለፈ ዘመን ተፈጽሞ ምሥጢሩ ያልተፈታ ግድያን የሚከተል፣ ድባቡ የጨለመ፣ ዋና ገጸ ባሕርይውም ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ተሰጥኦ ያላት ወጣት ልጅ የሆነችበት ልብ ወለድ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረን፣ የላኪዎቹን ስም ትተን አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ «የመጀመሪያ ልብ ወለዴን እየጻፍኩ ነው። መቼቱ እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን ነው። ዋና ገጸ ባሕርይዋ በአንድ ሀብታም ቤት በገረድነት የምታገለግል የ14 ዓመት ልጅ ስትሆን፣ የሞተ ሰው የነካውን ዕቃ ስትይዝ የሟቹ የመጨረሻ ደቂቃዎች ይታዩዋታል። የቤቱ እመቤት በመርዝ ትሞታለች። ረቂቁን ያነበበ ጓደኛዬ ግን ‹ልጅቷ ሃያኛው ገጽ ላይ ብርጭቆውን ስትነካ ታሪኩ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ምን አነባለሁ?› አለኝ። ተሰጥኦዋን ላውጣው ወይስ የግድያውን ምሥጢር ልተወው?»

መልስ፦ ሁለቱንም አይተዉ። ጓደኛዎ ያነሣው ችግር ግን እውነተኛ ችግር ነው፤ ይህን ዓይነት ልብ ወለድ ከሚያበላሹት ነገሮችም ቀዳሚው ይኸው ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድ አንባቢን የሚይዘው ፍንጮቹን ከመርማሪው እኩል እያየና እኩል እየገመተ እንዲሄድ በመጋበዝ ነው። እንግሊዛዊው ቄስና ደራሲ ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1929 ለዘርፉ 10 ሕጎችን ሲያወጣ፣ በሁለተኛው ሕግ ከተፈጥሮ በላይ የሆኑ ኃይሎችን በሙሉ ከታሪኩ አስወጥቷቸዋል፤ በእንዲህ ዓይነት ኃይል ምሥጢርን መፍታት በወንዝ ላይ የሚደረግን የጀልባ ቀዘፋ ውድድር በተደበቀ ሞተር እንደማሸነፍ ነው ብሎም ነበር።

እኔ በበኩሌ የኖክስን ምክንያት እቀበላለሁ፤ ሕጉን ግን እንዳለ መቀበል ያስፈልጋል ብዬ አላምንም። ሞተሩ ማጭበርበር የሚሆነው ስለተደበቀ ነው። ልጅቷ ምን ማየት እንደምትችልና ምን ማየት እንደማትችል አንባቢው ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች ጀምሮ ካወቀ፣ ደራሲውም ያንን ወሰን እስከ መጨረሻው ገጽ ካልጣሰ፣ ራእይዋ አንባቢው ሊያገላብጠው፣ ሊጠረጥረውና በተሳሳተ መንገድም ሊተረጉመው የሚችል ተራ ፍንጭ ይሆናል። አንባቢ የሚከዳው ደራሲው በችግር ጊዜ አዲስ ችሎታ ሲጨምርላት ነው። እስከ ትናንት ዕቃ በመንካት ብቻ ታይ የነበረች ልጅ መደምደሚያው ላይ ድንገት የገዳዩን ሐሳብ ማንበብ ከጀመረች፣ ልብ ሰቀላው በሙሉ ከንቱ ይሆናል።

ስለዚህ ወሰኑን አጥብቀው ያስምሩት። ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ልጅቷ የምታየው ሟቿ ያየችውን ነው፤ ይህ ደግሞ ለእርስዎ ሴራ ትልቅ ዕድል ነው። በመርዝ የሚሞት ሰው ብዙ ጊዜ ገዳዩን አያየውም። የሚያየው ብርጭቆውን ያቀበለውን እጅ ነው። እስቲ ልጅቷ ብርጭቆውን ስትይዝ በራእይዋ የምታየው እጅ የራሷ እጅ ይሁን። ለእመቤቷ ማታ ማታ መጠጡን በሳህን የምታቀርበው እሷ አይደለችምን? የራሷን ጣቶች፣ የእጅጌዋን የተተረተረ ጫፍ፣ ሳህኑ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ብርጭቆ በሌላ ሰው ዓይን ታየዋለች። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ መርዙን በገዛ እጇ እንዳቀረበች የምታውቅ ብቸኛዋ ሰው እሷ ናት፤ ማን እንደጨመረው ግን አታውቅም፤ ያየችውንም ብትናገር ራሷን ከመክሰስ አታመልጥም። ጓደኛዎ ታሪኩ አለቀ ያለበት ሃያኛው ገጽ በዚህ መንገድ ታሪኩ የሚጀመርበት ገጽ ይሆናል።

ከዚህ ቀጥሎ ሊያስቡበት የሚገባው የምታውቀውን ነገር ለማን ልትናገር ትችላለች የሚለው ነው። በዚያ ዘመን ለንደን ውስጥ ድንገተኛ ወይም አጠራጣሪ ሞት ሲያጋጥም፣ አሟሟቱን የሚያጣራው ሹም ቢያንስ 12 የጁሪ አባላትን (ከተራው ሕዝብ ተመርጠው ፍርድ የሚሰጡ ሰዎችን) ሰብስቦ ያስችል ነበር፤ ችሎቱም ብዙ ጊዜ የሚውለው በአቅራቢያው ባለ መጠጥ ቤት ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ የጁሪው አባላት ሬሳውን በዓይናቸው የማየት ግዴታ ነበረባቸው። ልጅቷን እዚያ ያቁሟት። ሬሳውን አይተው የተመለሱት ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ከታችኛው ክፍል የጠጪዎች ድምፅ ይሰማል፤ ሹሙም «የመድኃኒቱ ጠርሙስ ከአጥሩ ሥር መቀበሩን ማን ነገረሽ?» ብሎ ይጠይቃታል። እውነቱን ብትናገር ማንም አያምናትም፤ ዝም ብትል ጠርሙሱን የቀበረችው ራሷ ናት ይባላል። የተሰጥኦዋ ዋጋ የሚታየው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች ዋጋውን በራስ ምታትና በአፍንጫ ደም ብቻ ሊያሳዩት ይሞክራሉ፤ እኔ ግን ዘመኑና ኅብረተሰቡ የሚያስከፍሏት ዋጋ ከዚያ እጅግ የከበደ ይመስለኛል።

1853ን መምረጥዎ በዚህ ረገድ ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ1848 በኒው ዮርክ ግዛት ሃይድስቪል በምትባል መንደር ኬትና ማርጋሬት ፎክስ የተባሉ ሁለት እኅትማማች ልጆች ግድግዳ በሚያንኳኳ መንፈስ አማካይነት ከሙታን ጋር እንነጋገራለን ብለው አገሩን ካናወጡ በኋላ፣ ወረርሽኙ በ1852 ለንደን ደርሶ ነበር። በመኳንንቱ ሳሎኖች ውስጥ ጠረጴዛ ዙሪያ እጅ ለእጅ ተያይዞ መናፍስትን መጥራት ፋሽን ሆነ፤ ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይም በዚያው በ1853 ባደረገው ሙከራ ጠረጴዛውን የሚያንቀሳቅሱት ሳይታወቃቸው የሚገፉት የተሳታፊዎቹ እጆች መሆናቸውን አሳየ። በሌላ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1824 የወጣው የቦዘኔነት ሕግ ዕድል እንናገራለን ብለው ሰውን የሚያታልሉትን እስከ 3 ወር በሚደርስ የከባድ ሥራ እስራት ይቀጣ ነበር። አንዱ ተግባር በሳሎን የሚያስከብር፣ በጎዳና ላይ የሚያሳስር መሆኑን ልብ ይበሉ። የእርስዎ ልጅ ገረድ ናት፤ ከአሠሪዎቿ ስለ ምግባሯ የሚመሰክር ደብዳቤ ሳትይዝ ከተባረረች ሌላ ቤት መግባት እጅግ ይከብዳታል። እንግዶች ያሉበት ሳሎን ውስጥ ሻይ እያቀረበች፣ የማይታየውን እናያለን የሚሉ ወይዛዝርት ሲደነቁ እሷ በእውነት ያየችውን ውጣ የምትቆምበት አንድ ትዕይንት ቢጽፉ፣ ብዙ ገጽ ከሚፈጅ ማብራሪያ ይበልጣል።

ገዳዩን የሚያጋልጠው ማስረጃ ግን ከሰው ልፋት የተገኘ ይሁን። ራእይዋ የት መፈለግ እንዳለባት ሊጠቁማት ይችላል፤ ያገኘችው ነገር ግን ራእይ ለማያይ ሰው ጭምር ማስረጃ ሊሆን ይገባል።

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህር ነኝ። በቅርቡ ያነበብኩት ልብ ወለድ በ1850ዎቹ ለንደን ውስጥ የሚፈጸም ሲሆን፣ መርማሪው ገዳዩን የሚይዘው በጩቤ እጀታ ላይ በተገኘ የጣት አሻራ ነው። ቅሬታዬን መጽሐፉን ለወደደች የሥራ ባልደረባዬ ስነግራት ‹መናፍስት የምታናግር ልጅ ባለችበት መጽሐፍ ስለ ጣት አሻራ መጨነቅ ምን ይሉታል?› አለችኝ። እውነቷን ነው?»

መልስ፦ እውነቷን አይደለም፤ ነገሩ እንዲያውም የተገላቢጦሽ ነው። አንባቢ ለደራሲው አንድ የማይሆን ነገር ይፈቅድለታል፤ ያንን አንድ ነገር አምኖ የሚዘልቀው ግን በዙሪያው ያለው ሌላው ነገር ሁሉ ሲታመን ነው። ጎዳናው፣ ሕጉ፣ የሰዎቹ ፍርሃትና ሥራቸው እውነተኛ በሆነ መጠን መንፈሱም እውነተኛ ይሆናል። ሁሉም ነገር እንደፈለገ የሚሆንበት ዓለም ውስጥ ግን የልጅቷ ተሰጥኦ ምንም አያስደንቅም።

ቅሬታዎ ትክክል ነው። የለንደን ፖሊስ ዋና መሥሪያ ቤት የሆነው ስኮትላንድ ያርድ የጣት አሻራ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 ሲሆን፣ ስትራተን የተባሉ ሁለት ወንድማማቾች በጣት አሻራ ማስረጃ በግድያ ወንጀል የተፈረደባቸውም በ1905 ነው። የሚያሳዝነው ደራሲው ያንን ስሕተት ሲሠራ የዘመኑን እውነተኛ ችግር ለልብ ሰቀላ ሳይጠቀምበት መቅረቱ ነው። የለንደን የመርማሪ ፖሊሶች ክፍል በ1842 ሲከፈት 2 ኢንስፔክተሮችና 6 ሳጅኖች ብቻ ነበሩት፤ በ1851 በተደረገው ቆጠራ ደግሞ የከተማዋ ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን በላይ ነበር። አንዲት ልጅ ራሷ ለመመርመር የምትገደደው ለምን እንደሆነ ይህ ብቻውን ያስረዳል። ከዚህም ሌላ በእንግሊዝ ሕግ አንድ የወንጀል ተከሳሽ በገዛ ጉዳዩ ላይ በመሐላ መመስከር በአጠቃላይ የተፈቀደለት በ1898 ነው፤ በ1850ዎቹ በሐሰት የተከሰሰ ሰው ስለ ራሱ ምሎ መመስከር ሳይችል የሌሎችን ምስክርነት እየሰማ ይቆም ነበር። ልጅ ግን መሐላ ምን እንደሆነ የሚገባው ከሆነ መመስከር ይችል ነበር። ባለታሪኳ ልትመሰክር የምትችል፣ የምትወደው ተከሳሽ ግን የማይችልበት ችሎት ለደራሲ ምን ያህል ሀብት እንደሆነ ያስቡት።

የመርዙን ነገር ደግሞ ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ የዘመኑ ሳይንስ ራሱ ታሪክ አለውና። እ.ኤ.አ. በ1832 አንድ ወጣት አያቱን ቡና ውስጥ በተጨመረ አርሴኒክ ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ኬሚስቱ ጄምስ ማርሽ መርዙን በምርመራ ቢያገኘውም ናሙናው ጁሪው ፊት እስኪቀርብ ድረስ ተበላሽቶ ስለነበር ጁሪው አላመነውም፤ ተከሳሹም በነጻ ተለቀቀ። ማርሽ ከዚህ በኋላ የተሻለ ዘዴ ሲፈልግ ቆይቶ በ1836 ይፋ አደረገ፤ የሚጠረጠረው ናሙና ከዚንክና ከአሲድ ጋር ሲቀላቀል የሚወጣው ጋዝ ይቃጠላል፤ ነበልባሉ ላይ ቀዝቃዛ የሸክላ ሳህን ሲያዝበት፣ አርሴኒክ ካለ በሳህኑ ላይ የሚያብለጨልጭ ጥቁር እድፍ ይቀራል። ይህን በልብ ወለድ ውስጥ በልጅቷ ዓይን ፊት ሲከናወን ይመልከቱት፤ እሷ ብቻዋን ያየችውን ነገር ሌሎች ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ በሳህን ላይ ያዩታል።

በ1851 የወጣው የአርሴኒክ ሕግ ደግሞ ሻጩ የገዢውን ስም፣ መጠኑንና የተገዛበትን ምክንያት በመዝገብ እንዲያሰፍር፣ ገዢውም እንዲፈርም፣ በጥቂቱ የሚሸጠውም ነጭ ዱቄት በጥላሸት ወይም ኢንዲጎ በተባለው ሰማያዊ ማቅለሚያ እንዲቀላቀል አዘዘ። የመጀመሪያው ጠያቂያችንም ይህን ልብ ቢሉት ይጠቅማቸዋል፤ በ1853 ከመድኃኒት ሻጭ የተገዛ አርሴኒክ ወተት ውስጥ ሊደበቅ አይችልም፤ ጥቁር መጠጥ ውስጥ ግን ሊሰወር ይችላል፤ መርዙ የተገኘው ወተት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ገዳዩ ከሕጉ በፊት የተገዛ ወይም ከሌላ መንገድ የመጣ መርዝ እጁ ላይ ነበረው ማለት ነው። ይህን የመሰለ ፍንጭ ማንኛውም ራእይ አይሰጥም።

የሰበሰቡትን መረጃ ሁሉ ገጹ ላይ የሚያፈሱ ደራሲዎችን ግን አልደግፍም። ገጸ ባሕርይዋ ለመትረፍ የሚያስፈልጋት መረጃ ይግባ፤ የቀረው ከደራሲው ጋር ይቅር።

ጥያቄ፦ «እንዲህ ዓይነት ልጆች በእውነተኛው ታሪክ ነበሩ ወይ? ፍርድ ቤትስ ቃላቸውን ተቀብሎ ያውቃል?»

መልስ፦ ልዩ ተሰጥኦ አለን ያሉ ወይም አላቸው የተባሉ ልጆች ነበሩ፤ ፍርድ ቤትም ቃላቸውን ተቀብሏል፤ ውጤቱም አሰቃቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1612 በእንግሊዝ ላንካስተር ከተማ በተካሄደው የጥንቆላ ችሎት ዋናዋ ምስክር 9 ዓመት ገደማ የሆናት ጄኔት ዲቫይስ ነበረች። እናቷ እየጮኸች ስላስቸገረች ከአዳራሹ እንድትወጣ ተደረገ፤ ትንሿ ልጅ ግን ጠረጴዛ ላይ ቆማ በገዛ እናቷና በወንድሟ ላይ መሰከረች። እናቷ፣ ወንድሟና እኅቷ ከሌሎች ጋር ተሰቀሉ። ከ22 ዓመት በኋላ በ1634 እዚያው አካባቢ አንድ የ10 ዓመት ልጅ በጥንቆላ ከከሰሳቸውና ጁሪው ጥፋተኛ ካላቸው ሰዎች መካከል ያው ስም ያላት ሴት ትገኝበታለች፤ ልጁ በኋላ ነገሩን ፈጥሮ እንደተናገረ አመነ።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሳሌም በተባለችው ስፍራ በ1692 የሆነው ከዚህ ይሰፋል። ልጃገረዶቹ የተከሳሾቹ ጥላ መሰል መንፈስ ተገልጦልን አሠቃየን ሲሉ ችሎቱ ይህን እንደ ማስረጃ ተቀበለ፤ ተከሳሹ በዚያች ሰዓት ሌላ ቦታ እንደነበረ ቢያረጋግጥ እንኳ አይጠቅመውም ነበር፤ ተገለጠ የተባለው አካሉ አይደለምና። 19 ሰዎች ተሰቀሉ፤ አንድ አዛውንት ደግሞ ለክሱ መልስ አልሰጥም በማለታቸው ድንጋይ እየተጫነባቸው ሞቱ። በ1693 መጀመሪያ ሥራ የጀመረው አዲስ ፍርድ ቤት ያንን ዓይነት ማስረጃ አልቀበልም ሲል፣ ከቀሩት ተከሳሾች አብዛኞቹ በነጻ ተለቀቁ። ከከሳሾቹ ዋነኛዋ የነበረችው አን ፑትናም በ1692 የ12 ዓመት ልጅ ነበረች፤ በ1706 በቤተ ክርስቲያን በምእመናን ፊት ቆማ፣ ይቅርታ የምትጠይቅበትን ቃል ቄሱ አነበበላት።

እነዚህን ታሪኮች ያነበበ ሰው ባለታሪኳ ሁልጊዜ ትክክል የምትሆንበትን ልብ ወለድ በቀላሉ አይቀበልም። «አይቻለሁ» የምትል ልጅ ቃል ብቻውን ሰውን ለማስቀጣት ይበቃል የሚል ታሪክ፣ ደራሲው አስቦበትም ሆነ ሳያስብ፣ ከሳሌም ችሎት ጎን ይቆማል። ይህን ጉዳይ በቁም ነገር የሚይዙ ደራሲዎች ልጅቷን ቢያንስ አንድ ጊዜ ያሳስቷታል፤ በስሕተቷም ንጹሕ ሰው ላይ ጉዳት ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያየችውን ነገር ከመናገሯ በፊት ማስረጃ መፈለግ የምትጀምረው ደራሲው ስላዘዛት ሳይሆን ስለሚያማት ነው። እኔ የምወደው የዚህ ዘርፍ ልብ ወለድ ይህን ዓይነቱን ነው፤ ጨለማነቱም ከዚህ እንጂ ከመቃብርና ከጉም መምጣት የለበትም።

ጥያቄ፦ «የ13 ዓመት ልጄ እነዚህን መጻሕፍት ትወዳለች። አንዱን ገለጥ ሳደርገው ሬሳ፣ ደም፣ የሙታን ድምፅ ነው። ልከልክላት ወይስ ልተዋት?»

መልስ፦ በሬሳው ብዛት አይፍረዱ፤ ደራሲው ሬሳውን በምን ዓይን እንደሚያይ ይመልከቱ። ግድያው ከተፈጸመ በኋላ ያሉትን ሃያ ወይም ሠላሳ ገጾች ያንብቡ። ሟቹ ስም፣ የሚያለቅስለት ሰው፣ ሳይፈጸም የቀረ ሥራ ካለው፣ መጽሐፉ ሞትን አክብሮ ነው የያዘው፤ የ13 ዓመት ልጅም እንዲህ ያለውን ሐዘን ልትሸከመው ትችላለች። ቁስሉ በዝርዝር ተገልጾ ሟቹ ግን ማን እንደነበረ ካልታወቀ፣ በተለይም ሟቾቹ ሁሉ ወጣት ሴቶች ሆነው ሥቃያቸው አንባቢን ለማስደንገጥ ብቻ የሚቀርብ ከሆነ፣ እኔ ለልጄ አልሰጠውም።

ባለታሪኳም ላይ የሚደርሰውን ይከታተሉ። በዚህ ዘርፍ ተሰጥኦ ያላትን ልጅ አዋቂዎች ሲያስሯት፣ ሲያስርቧት፣ ለትርፍ ሲጠቀሙባት ማሳየት የተለመደ ነው፤ ይህም ከታሪክ እውነት የራቀ አይደለም። የሚለየው ነገር መጽሐፉ ያንን በደል በደል ብሎ መጥራቱ ነው። በታሪኩ ውስጥ የሚያምናትና የማይጠቀምባት አንድ አዋቂ እንኳ መኖሩን ይፈልጉ፤ ከሌለ ግን ልጅዎ ብቻዋን ባታነበው ይሻላል። ከመከልከል ይልቅ አብረዋት ያንብቡ፤ ማታ ከመተኛቷ በፊት ሳይሆን ቀን ቢሆን ይመረጣል፤ የሚያስጨንቃት ምዕራፍ ላይ ስትደርስም ዘላ እንድታልፈው ወይም መጽሐፉን አስቀምጣ በሌላ ጊዜ እንድትመለስበት ሙሉ ፈቃድ እንዳላት አስቀድመው ይንገሯት።